ሰማይ ከሳሹና እናቱ

ሰፈር ውስጥ ስሜ «ሰማይ ከሳሽ» ነው። ስሙን ያወጣልኝ ፀጉር አስተካካዬ ነው። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለት ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ መጥሪያውን ለተከሳሽ በምን አደረሱለት? በመሰላል?» አለኝ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይከራከርም፤ ሳቅኩለት። ስሙም በዚያው ጸና።

እውነቱን ለመናገር እኔ ጠበቃው የከሰስኩት ሰማይን ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱን ነው። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ከሚመዘገብባቸው መስኮቶች በላይ፣ የአገሪቱ መሪ ቃል በነሐስ ፊደላት ተሰቅሏል፦ በፈጣሪ እንታመናለን። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ምን ያደርጋሉ? ክሴ ይኸው ነበር። ጋዜጠኞች ሲመጡ ድምፄን ጎርነን አድርጌ ስለ ሕሊና ነጻነት አወራላቸዋለሁ፤ የሚያምነውም የማያምነውም በአንድ መስኮት ሥር እኩል መቆም አለበት እላለሁ። አምንበት ነበር፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ነገሩ የተጀመረው ግን በመርህ አይደለም። የተጀመረው በጠፋ ፋይል ነው።

የቤቴን ካርታ ላሳድስ ሄጄ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ከተሰለፍኩ በኋላ፣ የመስኮቷ ጸሐፊ ፋይሌ እንደጠፋ ነገረችኝ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ በእስክሪብቶዋ ወደ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። በፈጣሪ እንታመናለን። ደሜ ፈላ። መንግሥት የእኔን ፋይል ጥሎ በፈጣሪ ያሳብባል? መርህ የመጣችው በኋላ ነው፤ ቤት ገብቼ፣ ራት በልቼ፣ ሆዴ ሲሞላ። ጸሐፊዋ ያን ቀን ፋይሌን አግኝታው ቢሆን ኖሮ የሕሊና ነጻነት እስከ ዛሬ ጠበቃ ባላገኘ ነበር።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን አለች። እነዚያን ፊደላት የሠራቸው አባቴ ነው።

አባቴ ነሐስ አቅላጭ ነበር። በዕድሜው የሠራው የውሃ መክፈቻ ተነቅሎ በፕላስቲክ ተተክቷል፤ የሠራው የበር እጀታ ግማሹ ተሰርቆ ቀልጧል፤ ሌላው ሌላ ሰው በር ላይ ቀለም ተቀብቶ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከእጁ ሥራ ሰው ፊት የቀረው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። እናቴ እሱ ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ ወደ አዳራሹ ትሄዳለች። ጉዳይ የላትም። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ትልና ሽቅብ ስታይ ቆይታ ትመለሳለች። ጥበቃዎቹ ስለለመዷት ቦርሳዋን እንኳን አይፈትሹም። እኔ ልጇ ደግሞ ይህንኑ በሕግ ላስነቅልባት ተነሳሁ። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው። ጠዋት ስወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ «ፈጣሪ ያሳካልህ» ትለኛለች፤ እኔም «አሜን» ብዬ እወጣለሁ። ክሱን ካስገባሁ በኋላ፣ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ስሽኮረመም፣ በዚህ ምርቃት እየተሸኘሁ ነበር ፍርድ ቤት የምሄደው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች። «እስቲ አሁን ይሄ ‹አሜን› በየትኛው አንቀጽ ነው?» ትለኛለች።

በመጨረሻ ጋዜጣው ቀደመኝ። እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ምግብም አልተወችም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ በር ላይ ቆመች። «ፈጣሪ...» ብላ ጀመረችና ቆም አለች። አየችኝ። «...ያውቅልሃል» አለች። ጩኸት ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ነገሩ ከአባባ ጋር አይገናኝም» አልኳት ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። «የሕግ ጉዳይ ነው። መንግሥት የሁሉም ነው፤ የሚያምነውም የማያምነውም ግብር ይከፍላል።»

«እሱስ ልክ ነህ።»

«እና አልተቀየምሽኝም?»

«ሕጉን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች የቀሚሷን ጫፍ እያስተካከለች። «ግን ካወረዳችሁት አባትህን ወዴት ሄጄ ልየው?»

ሕግ ትምህርት ቤት ለዚህ መልስ አላስተማሩኝም። «እናያለን» አልኩና ክፍሌ ገባሁ። «እናያለን» ማለት የጠበቃ ሽሽት ነው፤ ደንበኞቼ ያውቁታል።

የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ በፍርድ ቤት ሰፈር «ቅቤው» ይባላል። አብረን ነው የተማርነው። እንዳሸነፈህ የሚገባህ ከችሎት ወጥተህ፣ ተጨባብጠህ፣ ቤትህ ከደረስክ በኋላ ነው። በክርክሩ ቀን ካባውን ሳብ ሳብ አድርጎ ተነሣና ዳኞቹን አንድ በአንድ በፈገግታ አዳረሳቸው።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፣ «እነዚህ ቃላት ጸሎት አይደሉም። ድሮ ይሆናል። ዛሬ ግን ትርጉማቸው በልማድ አልቋል፤ ጌጥ ሆነው ነው የቀሩት። ሰው ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› እንላለን፤ ስብከት ጀመርን ማለት ነው?»

ልብ በሉልኝ። የፈጣሪን ስም ግድግዳው ላይ ሊያቆይ የመጣው ሰው የሚከራከረው ፈጣሪ እዚያ የለም ብሎ ነው። አይ፣ አለ እንጂ፣ ብዬ የምሟገተው እኔ ነኝ፤ ላስወጣው የመጣሁት። በዚያ ችሎት ስለ ፈጣሪ መኖር አጥብቆ የሚከራከር አንድ ሰው ቢኖር እሱ በምንም የማያምነው ሰማይ ከሳሽ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። መስታወት ፊት የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። እጄ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ ዝም እንደምል ሁሉ አጥንቼዋለሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እግዜር ያሳያችሁ!» ብዬ ጀመርኩ። «አንድ የማያምን ልብስ ሰፊ የወንድሙን ሞት ሊያስመዘግብ መጥቶ ቀና ሲል...»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ለምን እንደሚስቁ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሰብሳቢ ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ጠበቃው፣ አሁን የጠሩት ስም... እምነት ነው ወይስ ልማድ?»

«ልማድ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አልኩ፣ ፊቴ እንደ ፍም እየጋለ። «አፌ ላይ የቀረ ነገር ነው። ምንም ማለት አይደለም።»

ቅቤው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ይመዝገብልኝ! ከሳሹ ራሳቸው የፈጣሪን ስም ጠርተው ምንም ማለት አይደለም ብለዋል። የእኛም ግድግዳ የሚለው ይህንኑ ነው!»

ተመዘገበ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ሁሉ ወራት የደከምኩበትን ክስ በሁለት ቃል ለባላጋራዬ አስረከብኩት፤ ያውም በመክፈቻ ንግግሬ።

«ይህንኑ የሚያጠናክር አንድ ምስክር ብቻ አለኝ» አለ ቅቤው፣ ወደ በሩ ዞሮ።

በሩ ተከፈተና እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ ገባች።

ለካስ እኔ ሌላ ችሎት ሳለሁ ቤት ድረስ ሄዶ አንድ ጥያቄ ጠይቋት ኖሯል። «ፊደሎቹ እንዲቆዩ ይፈልጋሉ?» «አዎ» አለችው። ይኸው ነው። የሠሪው ሚስት፣ የከሳሹ እናት፣ ዕድሜ የጠገበች ሴት፤ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ አልታየውም። አልፈርድበትም። አብሬያት እየኖርኩ እኔም አልጠየቅኳትም።

ዳኛዋ በፈጣሪ ስም መማል ወይም በክብሯ ቃል መግባት እንደምትችል ነገሯት።

«በሱ ይሁን» አለች እናቴ። «የኔ ክብር ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም።»

ቅቤው አጠገቧ ቆመ። «እማማ፣ እነዚህ ፊደሎች የማን ሥራ ናቸው?»

«የባለቤቴ። ወናፉን የነፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ግሩም ሥራ ነው።»

«‹ጣ› ትንሽ ታጋድላለች። ደግሞ ቢያቀልጣትም አልሆነለትም።»

ሰው ፈገግ አለ። ቅቤውም አብሮ ፈገግ አለ፤ ነገሩ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ እየሄደለት ነበር። «እንግዲህ እዚያ ሄደው ሲያዩ የሚታየዎት የባለቤትዎ የእጅ ሥራ ነው። የከተማችን ጌጥ። አይደል?»

«ጌጥ?»

«ማለቴ ቃሉ በልማድ የቀረ ነው። ያን ያህል ትርጉም የለውም።»

«ትርጉም የለውም ያለው ማነው?»

«ልጅዎ ራሳቸው፣ አሁን፣ እዚሁ ችሎት።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ የምታውቀው ልጅ ሳለሁ የጎረቤት መስኮት ሰብሬ በሌላ ልጅ ያሳበብኩ ዕለት ነው። ወረቀቶቼን ማስተካከል ጀመርኩ፤ የተስተካከሉ ነበሩ።

«ስማ ልጄ» አለችው ቅቤውን። «ወናፉን ስነፋ በየትንፋሹ ስሙን እጠራ ነበር። ነሐሱ እንዲቀልጥ፣ ቅርጹ እንዳይሰነጠቅ፣ የሰውዬው እጅ እንዳይቃጠል።»

«ገብቶኛል እማማ፤ እሱ ግን ድሮ...»

«ተቃጠለ።»

«ምን አሉኝ?»

«እጁ። ‹መ›ን ሲሠራ ነሐሱ ፈሰሰበት። ሁለት ጣቱ እስኪሞት ድረስ አልታጠፈለትም። እኔም ተጣላሁ።»

«ከባለቤትዎ ጋር?»

«ከፈጣሪ ጋር ነዋ! ‹ስምህን እየሠራልህ እጁን ትወስድበታለህ?› ብዬ ክረምቱን ሙሉ አኮረፍኩት። በኋላ ታረቅን። አሁን አዳራሹ ስሄድ የምነግረው አላጣም። ጉልበቴን እነግረዋለሁ፣ የሰውዬውን ነፍስ አደራ እላለሁ፣ የዚህንም ልጅ ነገር አነሳለታለሁ።» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «አንተ ደግሞ ትርጉም የለውም ትለኛለህ። ትርጉም ከሌለው ነገር ጋር ሰው ይጣላል እንዴ?»

 ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ቅቤው «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ሲቀመጥ ወንበሩን ስቶ ሊወድቅ ነበር።

አሸነፍኩ ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ምስክር ግድግዳው ላይ ያለው ጸሎት ነው አለች። ዳኛዋ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ጀማሪ ጠበቃ እንኳን «የለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ግን እናቴን እያየሁ ነበር። የምስክር ሳጥኑ ውስጥ ቆማ አንገቷ ቀጥኖ ታየኝ። «አባትህን ወዴት ሄጄ ልየው?» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ተነሣሁ።

«ምስክር፣ እርስዎ ወደ አዳራሹ የሚሄዱት...»

«እርስዎ?» አለች እናቴ ደንግጣ። «ምን ሆነሃል?»

ዳኛዋ ፊታቸውን በወረቀት ሸፈኑ።

«እማዬ» አልኩ፣ ችሎቱን ትቼ፣ «የምትሄጂው አባባን ለማስታወስ ነው አይደል? ጽሑፉን እኮ ልብ ብለሽም አታዪውም። የሱን እጅ ነው የምታዪው። አዎ በይኝ።»

ቅቤው ዞሮ አየኝ። የከሳሽ ጠበቃ የተከሳሽን ክርክር ሲጠግንለት አይቶ አያውቅም። መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቆ ለመሸነፍ የሞከረ የመጀመሪያው ጠበቃ ሳልሆን አልቀርም። እሱም አልተሳካልኝም።

እናቴ ነገሩ ገባት። ዓይኗ ሲረጥብ አየሁ፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አዎ ካልኩ ይቆያሉ?»

ጠበቃ ለምስክር መልስ አይነግርም። አገጬን ግን ዝቅ አድርጌ አዎ አልኳት።

«እንድዋሽልህ ነው የምትፈልገው?»

«እንዲቆዩልሽ ነው የምፈልገው።»

«አይ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ፊደሉ የአባትህ ነው፤ ይውረድ ካላችሁ ይወርዳል። ስሙ ግን የኔም የአባትህም አይደለም። ለፊደሉ ብዬ ስሙን ምንም አይደለም አልልም።»

ፍርዱ አጭር ነበር። ተከሳሽ ያቀረባቸው ምስክር እንዳስረዱት ቃሉ ጸሎት ነው፤ ጸሎት የሰው እንጂ የመንግሥት ግድግዳ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ይውረድ። መጻሕፍት አገላብጬ የጻፍኩት የሕግ ትንታኔ ፍርዱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳን አላገኘም። ያሸነፈችው እናቴ ናት። የተሸነፈችውም እሷው ናት። እኔ መሃል ላይ ካባ ለብሼ ቆሜያለሁ። ጋዜጦቹ የዳኛዋን «እምነት ነው ወይስ ልማድ?» ጭምር ጽፈው ፎቶዬን «ባለድሉ» ብለው አወጡት፤ ፎቶው ላይ ፋይሉ የጠፋበት ሰው እመስላለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊደሎቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ወረቀት ማስቀመጥ ያቃተው ቤት ነሐስ ከየት ያስቀምጣል? ለሠሪው ሚስት ይሰጡ ተባለና በጆንያ ተጠቅልለው በጭነት መኪና መጡ። እናቴ ሳሎን ወለል ላይ ደረደረቻቸውና በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ወለወለቻቸው። ‹መ› ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች።

«እዚህ ይሰቀል» አለች እናቴ፣ የሳሎኑን ግድግዳ እያየች።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ደንበኞቼ የሚያልፉበት ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ይሄ መንግሥት ቤት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መሰላል አምጣ።»

ለዚህኛው ክርክር ይግባኝ የለውም። አናጢ ልጥራ ብላት «አባትህ ሲሰቅለው ሰው አልቀጠረም» አለችኝ። ችግሩ ፊደሎቹ ለአዳራሽ የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ክንዴን ያክላሉ። «በፈጣሪ» ብቻውን የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ያዘው። «እንታመናለን» ከበሩ ወዲያ፣ ሥራ ክፍሌ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ በላይ መግባት ግድ ሆነበት። ከእንግዲህ ደንበኛ ሲመጣ ከራሴ በላይ «እንታመናለን» የሚል ያነባል፤ በማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለገ ሳሎን መግባት አለበት። ለጠበቃ ከዚህ የባሰ ማስታወቂያ የለም። ፀጉር አስተካካዬ ወሬው ሲደርሰው፣ «ተከሳሹ በዋስ ወጥቶ እርስዎ ቤት ገባ አሉ» አለኝ። ምላጩ አሁንም አንገቴ ላይ ስለነበር ሳቅኩለት።

‹መ›ን ስሰቅል መሰላሉ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ፊደሉ ከሁሉም ይከብዳል፤ በአንድ እጄ ግድግዳው ላይ ደግፌው በሌላው መሰላሉን ጨብጫለሁ። ብሎኑን የማጠብቅበት ሦስተኛ እጅ ደግሞ አልተሰጠኝም። ትንሽ ስንጠራራ መሰላሉ ከሥሬ ሸተት አለ።

«እግዚኦ!» አልኩ።

ከታች የእናቴ ድምፅ መጣ። «ልማድ ነው ወይስ እምነት?»

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ የያዘችውን ነገር ጣለች፤ ሲሰበር ሰማሁት።

«እማዬ፣ አሁን አትጠይቂኝ! መሰላሉን ብቻ ያዢልኝ!»

«ይዤዋለሁ።»

ወደ ታች አየሁ። ኪሎዬ ከሷ በእጥፍ ይበልጣል። ጉልበቷ ያማታል። በእነዚያ ወናፍ በነፉ እጆቿ የመሰላሉን ሁለት እግሮች ጨብጣ፣ ግንባሯን ደረጃው ላይ አስደግፋ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ሥራህን እይ» አለች ቀና ሳትል። «አባትህ የተቃጠለበት ፊደል ነው።»

መሰላሉን የጨበጠውን እጄን ለቅቄ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመርኩ።